መጀመሪያ አንገቱን እዩ፦ ከመካከለኛና ከውድ ኤሌክትሪክ ጊታር የቱን እንግዛ?

(በጎንደር ለጊታር ተጫዋቾች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ? እንኳን ደህና መጣችሁ።

ጥምቀት አልፎ የሠርጉ ወቅት ሲሞቅ፣ ጎንደር ውስጥ ጊታር ይዞ የሚሠራ ሰው እጅ ላይ ትንሽ ገንዘብ ይገባል። ውጭ አገር ያለ ዘመድም በዚሁ ሰሞን ይደውልና «ለፋሲካ ስመጣ የትኛውን ላምጣልህ?» ይላል። ስልኩ ላይ ሁለት ፎቶ አለ። ቅርጻቸው አንድ ነው፣ ቀለማቸው አንድ ነው፤ ዋጋቸው ግን አንዱ የሌላውን ሦስትና አራት እጥፍ ይሆናል። መካከለኛው ይበቃል? ወይስ ሁለት ዓመት ቆጥቦ ዋናውን መግዛት ይሻላል?

መልሳችንን ከፊት እናስቀምጠው። ጊታር ላይ በኋላ በትንሽ ገንዘብ የሚለወጥ ነገር አለ። ጨርሶ የማይለወጥ፣ ወይም ልለውጥህ ቢሉት የጊታሩን ዋጋ ያህል የሚጠይቅ ነገርም አለ። ገንዘባችሁ መሄድ ያለበት ወደማይለወጠው ነው። እሱም ከሁሉ በፊት አንገቱ ነው፤ የአንገቱ ቀጥነት፣ የፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ብረቶች) አቀማመጥ፣ እንጨቱ በበጋና በክረምት የሚያሳየው ጠባይ። ፒካፑ (የክሩን ርግብግብታ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው)፣ መቃኛ ቁልፎቹ፣ ነቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ባለ ቦይ ቁራጭ)፣ የቮልዩምና የቶን ማዞሪያዎቹ፣ ጃክ የሚሰካበት ቀዳዳ፣ እነዚህ ሁሉ በካቻቢቴና በብየዳ የሚቀየሩ ናቸው።

ዋጋ በብር አንጠራም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የተጠራ ብር ለነገ መመሪያ አይሆንም። በዶላር፣ ያውም በግምት እንነጋገር። «መካከለኛ» የምንለው በውጭ ሱቅ ከ400 እስከ 900 ዶላር አካባቢ የሚሸጠውን አዲስ ጊታር ነው። «ውድ» የምንለው ከ1,600 ዶላር ገደማ ጀምሮ 4,000ንም የሚያልፈውን ነው። በመሐል ያለው ክፍል በየዓመቱ እየተጨናነቀ መጥቷል፤ እሱን ወደ ኋላ እናነሳዋለን።

ትልልቆቹ አምራቾች ሁሉ ጊታራቸውን በየደረጃው ከፋፍለው ነው የሚሸጡት። ፌንደር ውዱን ካሊፎርኒያ፣ ኮሮና በምትባል ከተማ ይሠራል፤ መካከለኛውን ከድንበሩ ማዶ ሜክሲኮ፣ ኤንሴናዳ ውስጥ ይሠራል፤ ከዚያ ዝቅ ያለውን ስኳየር በሚል ስም እስያ ያሠራል። ጊብሰን ሌስ ፖል የተባለውን ጊታሩን በናሽቪል ይሠራል፤ የሌስ ፖል ቅርጽ ያለው መካከለኛ ጊታር ደግሞ ኤፒፎን ተብሎ ከቻይና ይወጣል። ፒአርኤስ ዋናውን ሜሪላንድ ውስጥ፣ «ኤስኢ» የሚለውን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያሠራል። አንድ ስም ግን ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ልብ በሉት። አይባኔዝ ላይ «ፕሪሚየም» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ጊታሩ የኢንዶኔዥያ ሥራ ነው። በጃፓን የሚሠራው ከፍ ያለ ደረጃ «ፕሬስቲጅ» ይባላል። ዘመድ ሱቅ ገብቶ «ፕሪሚየም የሚለውን ስጡኝ» ካለ የጠየቀውን ያገኛል፤ ያሰበውን ግን አያገኝም።

የዋጋው ልዩነት የት ገባ? ትልቁ ድርሻ የሰው ጉልበት ዋጋ ነው። ሠራተኛው የሚኖርበት አገር ደሞዝና በአንድ አንገት ላይ የሚያጠፋው ሰዓት ነው። እንጨቱን የሚቀርጸው ኮምፒውተር የሚመራው ማሽን በሁለቱም ፋብሪካ አለ። ማሽኑ ከጨረሰ በኋላ ግን የፍሬቶቹን ጫፍ ማለስለስ፣ የአንገቱን ጠርዝ ማዶልዶም፣ ነቱን ለእያንዳንዱ ክር በልኩ መሞረድ ጊዜ ይበላል፤ ጊዜ ደግሞ ኮሮና ውስጥ ውድ ነው። እዚህም ላይ ቢሆን «በእጅ የተሠራ» የሚለውን ቃል ብቻ አትመኑ። ጊብሰን ራሱ ፍሬቶቹን የሚያስተካክለው ፕሌክ በሚባል፣ እያንዳንዱን ፍሬት ለክቶ በሚሞርድ ማሽን ነው፤ ሥራውም ጥሩ ነው። ዋናው ነገር እጁ ወይም ማሽኑ አይደለም፤ ሥራው ተሠርቷል ወይስ ታልፏል የሚለው ነው። መካከለኛ ጊታር ላይ ይህ ሥራ አንዳንዱ ላይ በደንብ ተሠርቶ፣ ሌላው ላይ ተዘሎ ታገኙታላችሁ። ሁለቱ ግን በአንድ መደርደሪያ፣ በአንድ ዋጋ ተሰቅለዋል። ለዚህ ነው መካከለኛ የሚገዛ ሰው ሞዴሉን መርጦ ሳይሆን አንዱን ጊታር ከሌላው መርጦ መግዛት ያለበት።

አሁን ወደ አንገቱ እንግባ።

ጊታሩን አንሡና በገላው በኩል ሆናችሁ፣ ጠመንጃ እንደሚያነጣጥር ሰው፣ በአንገቱ ጠርዝ እስከ ነቱ ድረስ ተመልከቱ። አንዴ በወፍራሙ ክር በኩል፣ አንዴ በቀጭኑ በኩል። ሁለቱ ጠርዞች እኩል መስመር ካሳዩ ደህና ነው። አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ከሄደ አንገቱ ተጠማዟል ማለት ነው፤ ይህን የትኛውም ቁልፍ አያስተካክለውም። ስሙ ምንም ቢሆን፣ ቅናሹ ምንም ቢሆን መልሳችሁ ስቀሉት።

ቀጥሎ የአንገቱን መጠነኛ ጉብጠት ለኩ። አንገት ፍጹም ቀጥ ማለት የለበትም፤ የሚርገበገበው ክር መሐል ላይ ቦታ ይፈልጋል። ወፍራሙን ክር አንደኛው ፍሬት ላይ በካፖ (አንገቱ ላይ ክር ተጭኖ በሚይዝ መቆንጠጫ) ያዙት፣ የመጨረሻውን ፍሬት በጣት ተጫኑት፣ ከዚያ ስምንተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። ፌንደር ለአብዛኞቹ ዘመናዊ ጊታሮቹ የሚሰጠው ልክ 0.25 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። መለኪያ መሣሪያ ባይኖራችሁም አትቸገሩ፤ ባለ 10 ቁጥር የክር ጥቅል ውስጥ ያለው ቀጭኑ ክር ውፍረቱ 0.010 ኢንች፣ ማለትም 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። ትርፍ ክር በክፍተቱ አሾልኩ። ሳይጨናነቅና ሳይላላ ካለፈ ልኩ ነው። ክፍተቱ ቢበዛ ወይም ጭራሽ ባይኖርም ለመግዛት አይከለክልም፤ አንገቱ ውስጥ ያለው፣ ጉብጠቱን የሚያስተካክለው ብረት የተሠራው ለዚሁ ነው። ግን ሻጩን «አንድ ሩብ ዙር አዙርልኝ» በሉትና ክፍተቱ ሲለወጥ በዓይናችሁ እዩ። ብረቱ ጨርሶ የጠበቀ ወይም ዞሮ ዞሮ ምንም የማይሠራ ከሆነ ያ ጊታር የሚመጣውን ክረምት አይችለውም። በሰዓት አቅጣጫ ማዞር አንገቱን ያቃናል፣ በተቃራኒው ማዞር ያላላዋል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፉ፤ ከዚያ ቃኝታችሁ ጠብቁ።

ፍሬቶቹ ላይ ጊዜ አጥፉ። በየአንገቱ 21፣ 22 ወይም 24 ብረት አለ። ከነዚህ አንዷ ከጎረቤቶቿ በፀጉር ያህል ከፍ ብትል ከሷ በፊት ያለው ድምፅ ይንጫጫል። አጭር ቀጥ ያለ ብረት፣ ካልተገኘም የባንክ ካርድ ጠርዝ፣ በሦስት ተከታታይ ፍሬቶች ላይ አስቀምጡና አንዱን ጫፍ ነካ አድርጉ። ቀጭ ቀጭ እያለ ከተወዛወዘ የመካከለኛዋ ፍሬት ከፍ ብላለች። ከዚያ መዳፋችሁን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች አንሸራቱ። ቆዳ የሚቧጭር ጫፍ ካለ፣ ያ ሥራ ታልፏል ማለት ነው። ከዚያ ያለ አምፕ (ድምፅ ማጉያ)፣ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት አንድ በአንድ ምቱ። 22 ፍሬት በ6 ክር 132 ድምፅ ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የሞተ፣ ቶሎ የሚጠፋ ወይም የሚንጫጫ ቦታ ካለ በዚህ ይገኛል። ሱቅ ውስጥ አምፕ ከፍቶ መጫወት ደስ ይላል፤ ግን ጆሮን ያታልላል።

መካከለኛ ጊታር ይህን ሁሉ ካለፈ፣ በአንገት በኩል ከውዱ ጋር ያለው ርቀት በጣም ጠቧል። ካላለፈ ሌላ ተመሳሳይ አምጡልኝ በሉ። ከተማችን ውስጥ ፍሬት ነቅሎ አዲስ የሚተክል ባለሙያ ማግኘት ቀላል አይደለም። አናጺ፣ ምንም ያህል እጀ ጥሩ ቢሆን፣ ለዚህ ሥራ የሚሆን መሮ የለውም፤ የአንገቱን ገጽ አንዴ ከላጠው ደግሞ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ፌንደር ሜክሲኮ የሠራው፣ ፍሬቱ ንጹሕ የሆነ ስትራቶካስተር፣ ፍሬቱ ካልተስተካከለ አሜሪካ ሠራሽ ጊታር ይልቅ የተሻለ ግዢ ነው። ይህን ስንል ማንንም ለማጽናናት አይደለም፤ የምትጫወቱት በፍሬቱ ላይ ስለሆነ ነው።

ነቱ ከሚለወጡት ነገሮች አንዱ ነው። ለኛ ሙዚቃ ግን የተለየ ትኩረት ይገባዋል፤ ለምን እንደሆነ በዝርዝር እንየው።

አምባሰልን ከ«ሚ» ተነሥታችሁ ተጫወቱ፤ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። በዚህ ቅኝት ሁለት ግማሽ ድምፆች አሉ፤ ከሚ ወደ ፋ፣ ከሲ ወደ ዶ። ጊታር ላይ ሁለቱም የት ወደቁ? ሚና ሲ ክፍት ክሮች ናቸው፤ ፋና ዶ አንደኛው ፍሬት ላይ ናቸው። የአምባሰል ለዛ የሚያድረው እነዚያ ግማሽ ድምፆች ላይ ነው። ነቱ ላይ የክሩ ቦይ በደንብ ካልተሞረደ ክሩ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ አንደኛውን ፍሬት ስትጫኑ ክሩ ከልክ በላይ ይሳብና ድምፁ ሽቅብ ያፈነግጣል። ፋው ፋ መሆኑ ይቀርና ወደ ላይ የሸሸ ነገር ይሆናል። አንቺሆዬም ከዚያው ከሚ ሲነሣ የመጀመሪያ እርምጃው ያው ግማሽ ድምፅ ነው። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ፍጹም የተስማማ ጊታር አንደኛው ፍሬት ላይ የሚያፈነግጥበት ምክንያት ይኸው ነው። ተጫዋቹ ጆሮውን ይጠራጠራል፣ ኪቦርዲስቱ ጊታሩን ይጠራጠራል፤ ጥፋቱ ግን የነቱ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ክሩን ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጫኑና አንደኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እዩ። የፀጉር ውፍረት ያህል ብቻ መሆን አለበት፤ በጣት ነካ ሲያደርጉት ትንሽ «ጠቅ» ይላል። ከዚያ በሰፋ ቁጥር ድምፁ ያፈነግጣል። ክፍተት ከሌለ ደግሞ ቦይው ከልክ በላይ ጠልቋል፤ ክፍት ክሩ ይንጫጫል። ከፍ ያለውን በቀጭን ሞረድ ማውረድ ይቻላል፤ የጠለቀውን ግን መልሶ ማንሣት አስቸጋሪ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ነቱ ይቀየራል። ውድ ጊታሮች ላይ ነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአጥንት ይሠራል፣ መካከለኞቹ ላይ ከሰው ሠራሽ ቁስ። ቁሱ የሚታሰበውን ያህል ለውጥ አያመጣም፤ የቦይው ልክ ግን ያመጣል። ክር ስትቃኙ ነቱ ላይ «ጭርር» ብሎ ዘልሎ የሚሄድ ከሆነ ቦይው ክሩን ጨምድዶ ይዟል፤ ለስላሳ የጽሕፈት እርሳስ ፈቅፍቃችሁ ዱቄቱን ቦይው ውስጥ አሽታችሁ ሞክሩ። መቃኛ ቁልፉ መጥፎ ነው ተብሎ ከሚቀየርባቸው ጊታሮች ብዙዎቹ ችግራቸው ይህች ቦይ ናት።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር አለ። አይቤክስና ሮሃ ባንድ ውስጥ ሰላም ስዩምን ከመሰሉ ተጫዋቾች ጀምሮ የኛ ጊታር የመሲንቆንና የክራርን አነጋገር ሲፈልግ ኖሯል፤ ክር መሳብ፣ ማንሸራተት፣ ማርገብገብ። ለክር መሳብ የፍሬት ሰሌዳው ቅስት ወሳኝ ነው። በ1950ዎቹ አሠራር የሚወጡ ውድ ፌንደሮች ቅስታቸው ብዙ ጊዜ 7.25 ኢንች ነው፤ ገጹ በጣም የተጎበጠ ነው ማለት ነው። አኮርድ ለመያዝ ይመቻል። ክር ዝቅ አድርጋችሁ ብዙ ስትስቡ ግን ክሩ ከፍ ያለው መሐል ላይ ይነካና ድምፁ ይታፈናል። ለዚህ ነው ፌንደር በ7.25 ቅስት 17ኛው ፍሬት ላይ የወፍራሙን ክር ከፍታ 2 ሚሊ ሜትር፣ ከ9.5 እስከ 12 ባለው ግን 1.6 ሚሊ ሜትር የሚያደርገው። እንግዲህ ሁለት ሺህ ዶላር የወጣበት የጥንት ቅርጽ ጊታር ለመሲንቆ ዓይነት አጨዋወት ከ800 ዶላሩ የባሰ ሊሆን ይችላል። ጥራቱ አንሶ አይደለም፤ የተሠራው ለሌላ ዓይነት እጅ ነው። ለኛ ሥራ 9.5 ወይም 12 ኢንች ቅስት ፈልጉ። አዲስ ፍሬት ከፍታው ከ1 ሚሊ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ከዚያ ከፍ ያለ ቢሆን ለክር መሳብ ይበልጥ ይመቻል።

ፒካፕ ላይ ብዙ አንቆይም። ርካሽ ፒካፖች ከሥራቸው የሴራሚክ ማግኔት ተለጥፎባቸው ይመጣሉ፤ የተሻሉት አልኒኮ የሚባለውን ይጠቀማሉ። ዛሬ አልኒኮ መካከለኛ ዋጋ ላይ ሞልቷል፤ ያማሃ ፓሲፊካ 112 እንኳ ይዞታል። የድምፅ ጣዕም የየሰው ነው። የኛ ከተማ ግን አንድ ነገር ይጨምራል። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው። ነጠላ የሽቦ ጥቅል ያለው ፒካፕ ከመብራት መስመር፣ ከጄኔሬተርና ከአዳራሽ መብራት ማደብዘዣ የሚመጣውን እምምታ ሁሉ ይሰበስባል። ሃምበከር፣ ሁለት ጥቅል በተቃራኒ ተጠምጥመው የተሠሩበት ፒካፕ፣ ያንን ያጠፋል። ሠርግ አዳራሽ ለሚሠራ ሰው ከብሪጁ (ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበት ብረት) በኩል ሃምበከር፣ በቀሩት ቦታዎች ነጠላ ፒካፕ ያለው ጊታር ትልቅ ዕረፍት ነው። ማዞሪያዎቹ ሲዞሩ የሚያንኳኩ ከሆነ በማጽጃ ስፕሬይ ይስተካከላሉ፤ ካልሆነም ይቀየራሉ። ልካቸው ለነጠላ ፒካፕ 250 ኪሎ ኦም፣ ለሃምበከር 500 ነው። ሥራውን የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝ ይችለዋል። የሞባይል ጠጋኝ ብየዳ ጫፉ ትንሽ ስለሆነ የማዞሪያውን ጀርባ ማሞቅ ያቅተዋል፤ ሲታገል ማዞሪያውን ያቃጥለዋል።

ከጊታሩ ይልቅ የሚያሳስበን አምፑ ነው። ጊታሩ ከመብራት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ከየትም አገር ቢመጣ ይሠራል። ከአሜሪካ የሚመጣ አምፕ ግን ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ይላል። እኛ ጋ 220 ሶኬት ላይ ሲሰኩት ፊውዙ በቅጽበት ይሄዳል፤ ፊውዙ ባይደርስለት ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ዘመድ ከመግዛቱ በፊት የአምፑን ጀርባ ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ። «100–240» የሚል ከሆነ ያለ ስጋት ይምጣ። 120 ብቻ ከሆነ ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ አምፑ ከሚጠይቀው ዋት ሁለት እጥፍ ያህል አቅም ያለው ይሁን። ያም ሆኖ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ላይ ይበልጥ ይሞቃል፤ ማናፈሻውን አትዝጉበት። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚመጣው ከፍታ ሌላ ጠላት ነው፤ መብራት ሲጠፋ አምፑን ከሶኬት ንቀሉ። አንድ ማሳሰቢያ ደግሞ ለሕይወታችሁ ነው፦ ክር ይዛችሁ ማይክ ስትጠጉ ከንፈራችሁን የሚነዝራችሁ ከሆነ ሶኬቱ መሬት የለውም። መጫወቱን አቁሙና ኤሌክትሪሻን ጥሩ። ልምድ ነው ብላችሁ አትለፉት።

ስለዚህ በእጃችሁ ያለው ገንዘብ 100 ቢሆን፣ 55ቱን ለጊታሩ፣ 30ውን ለአምፑ፣ 15ቱን ለጠንካራ ኬዝ፣ ለክርና ለማስተካከያ እንድትመድቡ እንመክራለን። መቶውን በሙሉ ጊታር ላይ አፍስሶ በተውሶ አምፕ የሚጫወት ሰው የገዛውን ድምፅ አይሰማውም።

ታዲያ ውዱ መቼ ነው ተገቢ የሚሆነው? መካከለኛ ጊታር ለዓመታት ተጫውታችሁ፣ ምኑ እንደሚያስቸግራችሁ በስም መጥራት ስትችሉ ነው። «አንገቱ ለእጄ ወፍራም ነው»፣ «ሦስት ሰዓት ስቆም 4.5 ኪሎው ትከሻዬን ይቆርጠዋል»፣ «በየሳምንቱ ሦስት ሌሊት ስለምሠራ ፍሬቱ አለቀብኝ» የሚል ሰው ገንዘቡን የት እንደሚያውል ያውቃል። የመጨረሻው ምሳሌ ደግሞ መልሱ ሁልጊዜ ውድ ጊታር እንዳልሆነ ያሳያል። የተለመደው የፍሬት ብረት ኒኬል ሲልቨር ይባላል፤ ስሙ ብር ይላል እንጂ ብር የለበትም፣ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው። የማይዝገው ብረት፣ ስቴንለስ ስቲል፣ ከሱ በጣም ረጅም ዕድሜ አለው። ዱሮ ይህ የውድ ጊታር መለያ ነበር። ያማሃ በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው ሁለት ፓሲፊካዎች፣ ኢንዶኔዥያ የሚሠራው «ስታንዳርድ ፕላስ» እና ጃፓን የሚሠራው «ፕሮፌሽናል»፣ ሁለቱም የስቴንለስ ፍሬት አላቸው፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስም ያለው ፒካፕ ተገጥሞላቸዋል። የጃፓኑ ዋጋ ግን በግምት እጥፍ ነው። ፍሬት ላለቀበት ሠራተኛ የመጀመሪያው ይበቃዋል። ፌንደርም በሜክሲኮው «ፕሌየር 2» ላይ የአንገቱን ጠርዝ አዶልዱሞ አውጥቷል፤ ይህ ቀድሞ ከአሜሪካው ጋር የሚያያዝ ምቾት ነበር። መሐሉ ተጨናንቋል ያልነው ይህን ነው።

ውዱን የሚያስመርጠው ሌላ እውነተኛ ምክንያት ሳታዩ የምትገዙ መሆናችሁ ነው። ሱቅ ገብቶ ከአምስቱ አንዱን የሚመርጥላችሁ ሰው ከሌለ፣ ውዱ ላይ የመሳሳት ዕድል ያንሳል። የሚመርጥላችሁ ሰው ካለ ግን ይህን ንግግር አንብቡለትና መካከለኛውን ይምረጥላችሁ።

ያገለገለ ውድ ጊታር በመካከለኛ ዋጋ ሲቀርብላችሁ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ ፍሬቱን፤ በክሮቹ ሥር ቦይ ቦይ ከሠራና ከፍታው ከ0.7 ሚሊ ሜትር ከወረደ፣ የፍሬት መቀየሪያውን ወጪ ከዋጋው ቀንሱ። ሁለተኛ እውነተኛነቱን። ሐሰተኛ ጊብሰን በዓለም ገበያ ሞልቷል። በጊታሩ ራስ (መቃኛ ቁልፎቹ ባሉበት ጫፍ) ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ክዳን እዩ፤ የጊብሰን ክዳን በሁለት ብሎን ይታሰራል፣ ሐሰተኞቹ ላይ ሦስት ማየት የተለመደ ነው። ክዳኑን ስትከፍቱ ከእውነተኛው ውስጥ የምታገኙት በቱቦ ቁልፍ የሚዞር የናስ ዳዶ ነው፤ ሐሰተኛው ላይ ብዙ ጊዜ የኤል ቁልፍ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ሻጩ ክዳኑን ለመክፈት እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል። የፌንደር መለያ ቁጥርም ይረዳል። በቅርብ ዓመታት የተሠሩት የአሜሪካዎቹ በ«ዩ ኤስ»፣ የሜክሲኮዎቹ በ«ኤም ኤክስ» ፊደላት ይጀምራሉ። ቁጥር ግን ሊለጠፍ ይችላል፤ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

የሌስ ፖል ዓይነት ጊታር ለምትፈልጉ መንገዱን አስቡት። የጊታሩ ራስ ከአንገቱ 17 ዲግሪ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። አንገቱ ማሆጋኒ ነው፣ ልክ በዚያ ቦታ ላይ ደግሞ ለአንገቱ ብረት ማስተካከያ ተፈልፍሏል። አንዴ ወደ ኋላ ከወደቀ የሚሰበረው እዚያው ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በጨርቅ ቦርሳ የመኪና ጣሪያ ላይ ታስሮ የሚመጣ ሌስ ፖል ደህና መድረሱ ዕድል ነው። ስትራትና ቴሌ (የፌንደር ስትራቶካስተርና ቴሌካስተር) ራሳቸው ቀጥ ያለ ነው፣ አንገታቸው በአራት ብሎን የታሰረ ነው፤ ቢጎዳ እንኳ ሌላ አንገት ይገጠምለታል። ውድ ጊታር በጨርቅ ቦርሳ ከመያዝ መካከለኛውን በጠንካራ ኬዝ መያዝ ይሻላል። የጊብሰን ቀለም ናይትሮ የሚባለው ስስ ቅብ ነው፤ ርካሽ የጎማ ማቆሚያ ላይ ሲያድር ጎማው ቀለሙን ይበላዋል። ማቆሚያውን በጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት።

አየራችንም የራሱ ሕግ አለው። ጎንደር ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ደረቅ ናት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ እርጥብ። ለጊታር እንጨት የሚመከረው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። በበጋ የፍሬት ሰሌዳው ይሸማቀቃል፣ የፍሬቶቹ ብረት ግን አይሸማቀቅም፤ ስለዚህ መስከረም ላይ ለስላሳ የነበረው ጠርዝ የካቲት ላይ ይቧጭራል። ክዳን ያላትን የሳሙና ማስቀመጫ በምስማር ብሱ፣ ውስጧ በደንብ ተጨምቆ የወጣ እርጥብ ስፖንጅ አድርጉና ኬዙ ውስጥ፣ ከራሱ ሥር አስቀምጡ። በየሳምንቱ አርጥቡት፤ ውኃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን አታስገቡት። ክረምት ሲገባ አውጡት። የአንገቱን ጉብጠት በዓመት ሁለቴ፣ ጥቅምት ላይና ሰኔ ላይ ለኩ።

ጊታሩ ከውጭ ሲመጣ ምን ይደረግ? የሚያመጣው ሰው ክሮቹን አንድ ሁለት ዙር ያላላቸው፤ ጨርሶ ግን አይፍታቸው። የጊታሩን ራስ ሥርና ዙሪያ በልብስ ይጠቅጥቀው፤ ራሱ ኬዙ ውስጥ መንቀሳቀስ የለበትም። የአንገቱን ማስተካከያ ቁልፍ ከሱቁ ይቀበል፤ ልኩ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ እዚህ ፍለጋ አያዋጣም። አምስት ጥቅል ክርም አብሮ ይያዝ። ቤት ሲደርስ ኬዙን ወዲያው አትክፈቱት፤ ሌሊቱን ክፍሉ ውስጥ ይደር። በማግሥቱ ቃኙትና ተጫወቱበት። ቢንጫጫም የአንገቱን ብረት ለአንድ ሳምንት አትንኩ፤ እንጨቱ አየራችንን እየለመደ ስለሆነ ዛሬ ያስተካከላችሁት ከሦስት ቀን በኋላ ይፈርሳል። በስምንተኛው ቀን ካፖውን አንደኛው ፍሬት ላይ እሠሩ፣ ያችን ባለ 10 ክር ስምንተኛው ፍሬት ላይ አሾልኩ፤ ማስተካከሉን ከዚያ ጀምሩ።